አራት የሻረጎች በአንድ ደብር

ባለፈው ሳምንት፣ ጭጋጉ ገና ከሰፈራችን ላይ ሳይነሣ፣ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ከደጄ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመና በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ «ወይዘሮ የሻረግ ስላረፉ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው» ብሎ ለፈፈ። እኔ፣ ወይዘሮ የሻረግ፣ ጓዳዬ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሦስት ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ፤ ፊተኛዋ ሰፌዴን ይዤ ቀና ስል ብታየኝ «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገችና የኋለኛዋን እግር ረገጠች፤ እሷም ለእኔ ካለቀሰችው ይልቅ ለእግሯ የጮኸችው በለጠ። የሞተችው ለካ ከድልድዩ ማዶ የምትኖር፣ እድራችን በቅርቡ የገባች፣ እኔ ዐይኗን አይቼ የማላውቅ ሌላ የሻረግ ኖራለች። ቀብሯ ላይ ቆሜ አለቀስኩላት። ስመለስ ቤቱ እንደ ወትሮው ጭር ብሎ ጠበቀኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጆቼም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ጅማ ላይ የሚጠብቀኝ ይኸው ጭርታ ነው። ምስሩ እንደተዘረጋ ነበር። ልቀመው ብዬ ስቀመጥ ሳላስበው ከአፌ «አይ ሞክሼ!» የሚል ወጣ። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ካልኩት ስንት ዘመኔ!

እኔ ባደግኩበት ደብር የሻረግ መባል ብርቅ አልነበረም። ጎንደር ነው፤ ከቀሐ ወንዝ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ፒያሳ ላይ ማኪና ባለፈ ቁጥር እኛ ልጆች ጭሱን ለማሽተት የምንሮጥበት ጊዜ። በዚያች ጠባብ ሰፈር፣ እኔን ጨምሮ፣ አራት የሻረጎች ነበርን። አንድ ሰው ከመንገድ ላይ «የሻረግ!» ብሎ የተጣራ እንደሆነ ሦስት በር ይከፈታል፤ እኔም ከአራተኛው አንገቴን አወጣለሁ። ስለዚህ ሰፈሩ ለየራሳችን ቅጽል አወጣልን።

እትየ የሻረግ የጠጅ ቤቷ፣ ቀይ፣ ወፍራም፣ ስትስቅ ደረቷ ሁሉ የሚስቅ ሴት ነበረች። ከማክሰኝት ገበያ የሚመለሱ ነጋዴዎች አህዮቻቸውን ከደጇ አስረው ይገባሉ፤ ከግቢዋ የሚወጣው የጌሾና የማር ሽታ ደግሞ የእሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ምእመኑን ይጠራ ስለነበር አባቴ ጧት ጧት ጋኗን እንድትከድን ሽማግሌ እስከ መላክ ደርሰዋል። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ። እሷም «እሺ አባ፣ እሺ» ትልና በነገታው መክደኛው ተሰንጥቆ ይገኛል።

እትየ የሻረግ አርበኛዋ ረዥም፣ ጠይም፣ በአርማጭሆ በረሃ ከወንዶቹ እኩል የዋለች ነበረች። ጓንዴ ጠመንጃዋን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ትኖራለች፤ ከቆላ ያመጣችው ንዳድ በየጊዜው እየተነሣ ያንቀጠቅጣታል፤ ሲለቃት ደግሞ ዳገቱን ከእኛ ከልጆቹ ቀድማ ትወጣዋለች። አንድ ጊዜ አንድ የማክሰኝት እህል ነጋዴ ለጠጅ ቤቷ የሻረግ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ «የወይዘሮ የሻረግ ቤት የቱ ነው?» ብለው ጠየቁና አርበኛዋ ዘንድ ገቡ። እሷ ነገሩ የማን እንደሆነ ገና ከመግቢያው ገብቷታል፤ ግን አላቋረጠቻቸውም። ስለ ሰውየው ከብት፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ጠባዩ እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና ጓንዴዋን ከግድግዳው አውርዳ በጨርቅ እየወለወለች «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው። ጥርስ አለው?» አለች። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ሳይዙ ነው የወጡት ይባላል። እኔ ዱላዎቹን አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱን ለአጥር አድርጋቸው ነበር።

ሦስተኛዋ እትየ የሻረግ ፈታይዋ ናት። ስለ እሷ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ የተለጠፈች፣ በሯ ለመንገዱ ጀርባ የሰጠች አንዲት ክፍል ነበረች። ከጭልጋ በኩል መጣች ከመባል በቀር የማን ልጅ፣ የማን ሚስት እንደነበረች የሚያውቅ የለም። የምትፈትለው ክር ከጸጉር የቀጠነ ስለሆነ ሸማኔዎቹ ተሽቀዳድመው ይወስዱታል፤ እሷ ግን በበሩ ስንጥቅ ሰጥታ በበሩ ስንጥቅ ትቀበላለች። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ደፍራ የምታስገባው እኔን ነበር። ለምን እኔን እንደመረጠች ዛሬም በትክክል አላውቅም። ምናልባት እኔም እንደ እሷ ብቸኛ ስለነበርኩ ይሆናል፤ ታላላቆቼ ተድረው ወጥተው፣ ቤታችን ከየአገሩ በመጡ የአባቴ ተማሪዎች ድምፅ የተሞላ፣ ለአንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ግን ማንም የሚናገረው ነገር የሌለው ቤት ነበር። እሷ ዘንድ ስሄድ መዳመጫውን አቀርባለሁ፤ ፍሬውን ከጥጡ እለያለሁ፤ እንዝርቷ እንደ ንብ ጥዝ እያለ ይሾራል፤ የጥጡ ብናኝ በበሩ ስንጥቅ በገባው ፀሐይ ላይ ይንሳፈፋል። አንድ ሰዓት ያህል ሳንነጋገር እንቆይና ድንገት «ሞክሼ፣ በልተሻል?» ትለኛለች። «በልቻለሁ።» «ሐሰተኛ።» ከዚያ ከጉያዋ ቆሎ ታወጣለች። ወሬያችን ይኸው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ወሬ አምሮኝም አያውቅ።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። የአባቴ ተማሪዎች የቀለም ቀንዳቸውን በገመድ አንጠልጥለው በቤቷ አጠገብ ባለፉ ቁጥር እንዝርቷን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በኋላ፣ አንድ የዝናብ ቀን፣ ሳልጠይቃት በጥቂት ቃል ነገረችኝ። ሦስት ልጆች ነበሯት። በአንድ ክረምት ሦስቱም ሞቱ። ቀለም ያለው አንድ ሰው የክርስትና ስሟን አውቆ፣ ጽፎ፣ ደግሞበት ከደጇ ቀብሮታል ብላ ታምናለች። «ሰው የሚጠራኝ የሻረግ ነው፤ በሱ ማንም ምንም አያደርገኝም» አለች። «የሻረግ የሁላችንም ነው። ያኛው ግን የብቻዬ ነበር።» ከዚያ ወዲያ የክርስትና ስሟን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የነፍስ አባት እንኳ ስትይዝ መርጣ ዐይነ ስውር ቄስ ያዘች፤ መጻፍ የማይችሉ። እሳቸውም ካረፉ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሌላ አልያዘችም።

በሐምሌ እግሯ አበጠና መሄድ ተሳናት። ከወንዙ ማዶ ካለው ጠበል ቅጂልኝ አለችኝ። ነገር ግን የጠበሉ መነኩሴ የሚጸልዩት በክርስትና ስም ነው፤ ስሙ ካልተነገራቸው ቅሉን አይባርኩም። እንዝርቷን አስቀመጠች። በኋላ ወደ አፏ ጎትታኝ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ትንፋሿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«ለመነኩሴው በጆሯቸው። ለሌላ ሰው አትናገሪ። ማይልኝ።»

«ለእናቴም?»

«ለእናትሽም።»

«ለአባቴስ?»

«ለአባትሽማ ጭራሽ! አባትሽ ቀለም አላቸው።»

በእመቤታችን ስም ማልኩ። ዳገቱን ቁልቁል ስወርድ እንደዚያን ቀን ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። የጠበሉ መነኩሴ በቀን መቶ ስም የሚሰሙ፣ ከሰዓት በኋላ አንዱንም የማያስታውሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ በጆሯቸው ስነግራቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እኔ ግን በዓለም ላይ ማንም የሌለው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ከአባቴ የሚበልጥ ነገር ማወቄ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ጠበሉን እየጠጣች ፍልሰታን ጾመች። ጾሙ በተፈታ በአራተኛው ቀን ቆሎዬን ልበላ በሩን ብገፋው እንዝርቷን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት። እኔ የተኛች መሰለኝ። ከአጠገቧ ተቀምጬ ጥጥ ስዳምጥ ቆየሁ፤ ብዙ ቆየሁ። «ሞክሼ» ሳትለኝ ሲቀር ነው የገባኝ።

የቀብሯ ዕለት ሰማዩ ተቀዶ ይወርድ ነበር። ቀሐ ሞልቶ ድምፁ እስከ ዳገቱ ይሰማል፤ ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ ነው ብለው ሁለት ጊዜ ላኩብን። የሚያለቅስላት ዘመድ ስለሌላት ሁለቱ የሻረጎች ጎንና ጎኗ ተቀምጠዋል፤ የጠጅ ቤቷ ደረቷን እየደቃች፣ አርበኛዋ ዝም ብላ። አባቴ ጥላቸውን ከበር ላይ ደግፈው፣ መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ ውስጥ አውጥተው ገለጡና «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ሁለቱ የሻረጎች አዞሩ።

«የነፍስ አባቷስ?»

«አርፈዋል አባ፣ አምና» አለች የጠጅ ቤቷ።

«በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም?»

እኔ ከእናቴ ነጠላ ኋላ ቆሜያለሁ። ስሙ ከምላሴ ሥር እንደ ፍም ነበር። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት በአባቴ አውራ ጣት ላይ ያለውን ጥቁር የቀለም ምልክት አየሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። እመቤታችን ትቀሥፈኛለች ብዬ ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ያ ስም ከእሷ የተረፈኝ ብቸኛ ነገር ስለነበር ለማንም ልሰጠው ስላልፈለግኩ ነው። ለዚህኛው ግማሽ ነው እስከ ዛሬ የምሰግደው።

በዚህ ጊዜ አርበኛዋ ተነሣች። «የኔን ይስጧት» አለች። «ወለተ ጊዮርጊስ ይበሏት።»

አባቴ ደነገጡ። «ምነው የሻረግ! የሕያው ስም በሙት ላይ ይጠራል?»

«ታዲያ ስም የለሽ ትሂድ? እኔን እንደሆነ ጣልያን ጊዜ ሦስት ጊዜ ሞተች ተብሎ ተለቅሶልኛል፤ እናቴ ጸጉሯን ላጭታልኛለች። ይኸው አለሁ። አራተኛው ምን ያደርገኛል?»

«የሻረግ፣ ይህ ቀልድ አይደለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ አባ?»

ከውጭ ቆፋሪዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ላኩ። አባቴ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ጸሎቱን ከመጀመሪያው የሚደግሙ። ያን ቀን ግን ዝናቡን አዩ፣ ሬሳውን አዩ፣ ተሸነፉ። ፍትሐቱ በወለተ ጊዮርጊስ ስም ደረሰ፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ባለቤቲቱ ከበሩ ሥር ቆማ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ራሷን ዝቅ ታደርግ ነበር።

ሰፈሩ ነገሩን ለሳቅ አደረገው። አርበኛዋ ጠጅ ቤት ስትገባ «ሟቿ መጣች!» ይሏታል፤ እሷም «ለኔ አልቋል፤ እናንተ ናችሁ ዕዳ ያለባችሁ» እያለች ብርሌዋን ታነሣለች። እንቁጣጣሽ አለፈ። መስቀል ሊደርስ ሲል ግን ንዳዱ ተነሣባት፤ እንደ ሌላው ጊዜም በሦስት ቀን አልለቃትም። ዐይኗ ጎደጎደ፤ ያ ረዥም ቁመቷ አልጋው ላይ ተጣጠፈ። ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ ከወንዝ ሲመለሱ እንስራቸውን አዝለው ይንሾካሾካሉ፦ ፍትሐት የደረሰለት ሰው እንዴት ይተርፋል? ነፍሷ ተጠርታለች እኮ፣ ቀኗን ነው የምትጠብቀው። የጠጅ ቤቷ የሻረግ እንኳ፣ ያቺ ሳቂተኛ፣ ሾርባ ይዛላት ስትሄድ ከበሩ ላይ አስቀምጣ የምትመለስ ሆነች።

አርበኛዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። በዚያ ዕድሜዬ ያወቅኩት ይህን ብቻ ነበር። እህል አልዋጥ አለኝ፤ እናቴ ዐይነ ጥላ ነው ብላ ታጠምቀኛለች፤ እኔ ግን ጠበሉን ባየሁ ቁጥር ስሙ ይመጣብኛል። ዳመራው በተለኮሰ ማግሥት፣ አመዱ ግንባሬ ላይ እንዳለ፣ አርበኛዋ ዘንድ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። በአልጋዋ እግር ሥር ተንበርክኬ፣ ስሟን አውቀው ነበር፣ አልኳት።

«የማንን?»

«የእትየ የሻረግን። የክርስትናዋን።»

ዐይኗን ገልጣ አየችኝ። «እኔ በቁሜ ፍትሐት ሲደረስብኝ ቆመሽ አየሽኝ?»

«ምዬ ነበር።»

«ለማን?»

«ለእሷ። በእመቤታችን።»

ትቆጣለች ያልኳት ሴት መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሏ እስኪበርድ እጄን ይዛ ቆየች። «እኔ በበረሃ የማሉልኝ ወንዶች ሁሉ ከድተውኝ፣ አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነው፣ መሐላሽን ጠብቀሽ ልትቀብሪኝ!» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስሚኝ ሞክሼ፤ የማልሽው በሕይወት ሳለች ሰው እንዳይጎዳት ነው። አሁን ማን ይጎዳታል? ሙት ላይ ማን ይደግማል? ሂጂ ለአባትሽ ንገሪያቸው።» ልነግራት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ስል ግን በእጇ ከለከለችኝ። «ለኔ አይደለም። እኔ ቄስ አይደለሁም።»

አባቴን ያገኘኋቸው ከደጀ ሰላሙ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስሙንም በጆሯቸው። ይመቱኛል ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ምንም ሳይነካኝ ሲቆይ ብገልጠው አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። «አንቺ ያወቅሽውን ሸሸግሽ፣ እኔ የማላውቀውን ጠራሁ» አሉ። «የማንኛችን ይብሳል?» እኔ የእኔ አልኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩና «አርባዋ ሰባት ቀን ቀርቶታል» ብለው ተነሡ። ያን ሰባት ቀን ማታ ማታ ሲሰግዱ ጉልበታቸው ሲንቋቋ እሰማ ነበር።

አርባዋን ያወጡላት የሻረጎች ናቸው። የጠጅ ቤቷ ጠላውን ጠመቀች፤ አርበኛዋ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀመጠች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ዝናቡ አልቆ ሰማዩ የታጠበ መስሏል፤ በመቃብሯ ላይ አደይ አበባ በቅሏል። አባቴ ጸሎቱን ሲያደርሱ ስም ከሚጠራበት ቦታ ደረሱ፤ ከዚያ ስሟን፣ ያን የብቻዋን፣ የኔና የእሷን ስም፣ በግልጽ ድምፅ ጠሩት። ካህናቱ ተቀበሉት። አርበኛዋ በረዥሙ ተነፈሰች። እኔ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ስሟን ይዤ ሳለሁ እሷ እኔ ዘንድ ነበረች፤ ከአባቴ አፍ ሲወጣ ነው የሄደችብኝ። ያን ያህል ሰው መካከል ቆሜ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ብቸኝነት አይቻለሁ፤ መጀመሪያው ግን ያ ነው።

አርበኛዋ ከንዳዱ ዳነች። ከጸሎቱ ይሁን በኋላ ከጠጣችው መድኃኒት የሚያውቅ እግዜር ነው፤ ኅዳር ላይ እንደገና ዳገቱን ስትወጣ ልጆቹን ትቀድም ነበር። እኔ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለፖስታ ቤት ጸሐፊ ተዳርኩ፤ እሱ ወደ ጅማ ሲዛወር አብሬው ወረድኩ፤ ጎንደርን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። አርበኛዋ ስታርፍ አባቴ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ በአራት መስመር ነው፤ «በገዛ ስሟ ቀበርኳት» ይላል አንደኛው መስመር። የጠጅ ቤቷ ተከተለች። አባቴም ሄዱ። በሁለተኛው ጉዞዬ የፈታይዋን ቤት ፍለጋ ወጣሁ፤ ግንቡ አለ፤ ከግንቡ ጥግ ግን ድንጋይም አልቀረም። ለአንዲት ወጣት «እዚህ የሻረግ የምትባል ፈታይ ነበረች» ብላት በትሕትና «የቷ የሻረግ?» አለችኝ። እሷን ከሌሎቹ ለይቼ የምነግራት፣ ሌሎቹን የምታውቅ ብትሆን ነበር።

እዚህ ጅማ የነፍስ አባቴ ለነበሩት አረጋዊ ቄስ የፈታይዋን ስም በጆሯቸው ነግሬያቸው በየቅዳሴው ያስቧት ነበር። እሳቸውም ዐረፉ። አዲሱ ቄስ ወጣት ነው፤ ሸጋ ልጅ፣ ትጉህ፤ የሚታሰቡትን ሙታን ስም በደብተር ይጽፋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ «ይጻፍልዎት እማማ?» አለኝ። ብዕሩን አየሁት። ልናገር ብዬ ከንፈሬን አላቀቅኩ፤ መሞቷን፣ ማንም እንደማይጎዳት፣ ሁሉን አውቃለሁ፤ አርበኛዋም ነግራኛለች። እጄ ግን ነጠላዬን ወደ አፌ ሳበው። «ይቆይ ልጄ» አልኩት፤ «በአፌ እጠራታለሁ።»

ያን ስም የሚያውቅ በምድር ላይ የቀረ አንድ አፍ ነው፤ እሱም ጥርሱ እየረገፈ ነው።